ከፋይ ተመዝጋቢ ምንድን ነው?

«ፋይናል ፋንታሲ 14 ሠላሳ ሚሊዮን ተጫዋች አለው፤ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በገናናነቱ ዘመን እንኳን ከ12 ሚሊዮን አላለፈም፤ ፉክክሩ አብቅቷል» የሚል፣ በወርኃዊ ክፍያ ስለሚዘወተሩ ሁለት የኢንተርኔት ጨዋታዎች የተጻፈ አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አነበብሁ። ሁለቱም ቁጥሮች ከየኩባንያዎቻቸው የወጡ ናቸው፤ ስህተቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። 30 ሚሊዮኑ እስከ ዛሬ የተከፈቱ አካውንቶች ድምር ሲሆን በነጻ ሙከራ ገብተው የተዉትንም ይጨምራል። 12 ሚሊዮኑ ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 የመጫወቻ ክፍያቸው ያላለቀባቸውን ብቻ የሚቆጥር ነው።

ሐዋሳ ላይ ሥራዬ የሐይቁን የውሃ ሚዛን ማስላት ስለሆነ ይህ ስህተት ከማንም በላይ ያንገበግበኛል። ጥቁር ውኃ ወንዝ ባለፉት ዓመታት ያስገባውን ሁሉ ደምሮ «ሐይቁ ይህን ያህል ውሃ ይዟል» የሚል ባለሙያ የለም፤ ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ባይኖረውም በትነት ሳያቋርጥ ይቀንሳልና። (ውሃው ጨዋማ አለመሆኑ ከመሬት በታች የሚሰርግ እንዳለም ስለሚያመለክት፣ ትነቱን ብቻ ቀንሶ ሒሳቡን መዝጋት አይቻልም።) የተከፈቱ አካውንቶች ወንዙ እስከ ዛሬ ያስገባው ድምር ናቸው፤ ከፋይ ተመዝጋቢዎች ደግሞ ዛሬ በመለኪያው ዘንግ ላይ የሚነበበው ከፍታ። ያቋረጡት ስንት እንደሆኑ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ አይታወቅም።

የሐይቁ ከፍታ የተነበበበት ወቅትም ወሳኝ ነው። ክረምቱ እንዳበቃ የተነበበን ከፍታ የዓመቱ ልክ አድርጎ መውሰድ እንደማይገባ ሁሉ፣ አዲስ ማስፋፊያ (ለነባሩ ጨዋታ የሚጨመር አዲስ ክፍል) በወጣ ሰሞን የተነገረ ቁጥርም የጨዋታውን ጤና አይናገርም። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 አዲስ ማስፋፊያ ሲያወጣ ከ10 ሚሊዮን ተሻገረ፤ በመጋቢት 2015 መጨረሻ 7.1 ሚሊዮን፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ 5.6 ሚሊዮን ሆነ።

ከፍታ ደግሞ መጠን አይደለም። ሐይቁ ሲሰፋና ሲጠብ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚይዘው ውሃ ስለሚለያይ፣ የሐይቁን ወለል ቅርጽ ሳያውቁ ከፍታን ወደ መጠን መለወጥ አይቻልም። በተመዝጋቢም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በወር 15 ዶላር ገደማ የሚከፍል ሰው አንድ ተብሎ ሲቆጠር፣ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ቤት ገብቶ የተጫወተም በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሠሪ በብሊዛርድ አቆጣጠር አንድ ነበር። ፒያሳ ጌም ቤት በሰዓት ከፍሎ፣ ጓደኞቹ ከኋላው ቆመው ተራቸውን እየጠበቁ የሚጫወተውን ልጅ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ቻይና ውስጥ ክፍያው በሰዓት ስለነበር፣ የተመዝጋቢውን ቁጥር በ15 ዶላር አባዝቶ ገቢውን አወቅሁ የሚል ሰው መነሻው ላይ ተሳስቷል።

ያው አስተያየት ሰጪ አንዱ ጨዋታ የሚያጣውን ሌላው እንደሚያገኝ አድርገው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሆነው ይህን አይደግፍም። በታኅሣሥ 2011 የወጣው ስታር ዋርስ፦ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ በየካቲት 1.7 ሚሊዮን ከፋዮች ነበሩት፤ በግንቦት 1.3 ሚሊዮን እንደቀሩት ተነገረ። ከእርሱ ወደ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ተመለሱ እንዳይባል፣ ያም ቢሆን በመጋቢት መጨረሻ ከነበረበት 10.2 ሚሊዮን በሰኔ መጨረሻ ወደ 9.1 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። ሁለቱም በአንድ ወቅት ቀነሱ። ለሁለት ጨዋታ በአንድ ጊዜ የሚከፍል፣ ወይም እንደ ኢቭ ኦንላይን ባሉት ጨዋታዎች ብዙ አካውንት የሚይዝ ሰውም ስላለ፣ የሁሉንም ቁጥር ደምሮ የገበያ ድርሻ ማከፋፈል ከቶ አያስኬድም።

ስታር ዋርስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በነጻ መጫወትን ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲያ ሳይከፍል የሚገባውና በየጊዜው ዕቃ የሚገዛው ተጫዋች በከፋይ ተመዝጋቢ ቁጥር ውስጥ አይታይም። ብሊዛርድም በኅዳር 2015 የ5.5 ሚሊዮኑን ቁጥር ካወጣ በኋላ በየሩብ ዓመቱ ተመዝጋቢ መናገሩን አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በየግራፉ የሚሳለው መስመር በአብዛኛው ከውጭ ሰዎች ግምት የተቀጠለ ስለሆነ፣ ከ2015 በፊት ካለው መስመር ጋር በአንድ ቀለም ሊሳል አይገባውም።