«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ የማን ድር ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሸረሪት ነው። ትምህርት ቤትም እንደዚያ ነው የነገሩን። ያቺ በጣት የምትጠረግ ድር እንኳ ከመሰሏ ጋር ካበረች ያን የሚያህል አንበሳ ታስራለች። ትርጓሜው ልክ ነው። አቅም የሌላቸው ሰዎች አብረው ከቆሙ ኃያሉን ይረታሉ ማለት ነው። እኔ የማልስማማው ሸረሪቷ ላይ ነው።

ሸረሪትን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብቻዋን ናት። ጥጓን ይዛ ድሯን ታደራለች እንጂ ሄዳ ከጎረቤቷ ድር ጋር አትቀጥለውም። ተረቱ ደግሞ «ቢያብር» ይላል። የሚያብረው ድር ያለው ሌላ ቦታ ነው። እናቶቻችን እጅ ላይ ነው።

ጎጃም ገጠር ውስጥ ላደገ ልጅ ድር ማለት መጀመሪያ ክር ነው። ሸማ ሁለት ዓይነት ክር ይፈልጋል። በቁመት የሚዘረጋው ድር ነው፤ በአግድም የሚገባው ማግ። ማግ ላላ፣ ለስለስ ያለ ነው። ድር ግን ቀጭን ሆኖ በደንብ መክረር አለበት፤ የሸማኔውን ጉተታ የሚችለው እሱ ነውና። ሸማኔው ወንድ ነው። ፈታይዋ ሴት ናት። ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ እንዝርቷን ታሾራለች። እንዝርቱ ሲሞላ ልቃቂት ይሆናል። አንድ ጋቢ ስንት ልቃቂት እንደሚበላ የፈተለች ታውቀዋለች። ብቻውን የሚገፋ ሥራ አይደለም።

ልጅ ሆኜ አያቴ ታመመች። ቤታችን ወደ ቢቸና ነው። ለጋቢ የነደፈችው ባዘቶ ሰፌድ ላይ እንደተከመረ ቀረ። አንድ ማታ አራት ጎረቤቶቿ እንዝርታቸውን ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። «እቴ፣ አንቺ ብቻ ተኚ፤ እኛ እንፈትለዋለን» አሏት። አያቴ የት ትተኛለች! መደቡ ላይ ጋደም እንዳለች የእያንዳንዷን ክር በሁለት ጣቷ መሀል እያሳለፈች ትፈትሽ ነበር። «ይቺን ጨምረሽ አክሪያት» ትላለች ለአንዷ። «ያንቺ ደህና ነው» ትላለች ለሌላዋ። ክር ሲበጠስባቸው ጫፍና ጫፉን በምራቅ ያርሱና በጣታቸው ጠምዘዝ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ የት ጋ እንደተበጠሰ ብትፈልጉት አታገኙትም። እኔ ኩራዙ ሥር ቁጭ ብዬ ስፈልግ ነው ያመሸሁት።

ሳምንታት አለፉ። ሸማኔው መጥቶ ድሩን ግቢያችን ውስጥ ችካል ላይ ዘረጋው። እኔ ጥጃ ሳባርር ሳላየው ሮጬ ገባሁበት። እግሬ ተያዘ። ላላቅቅ ብዬ እጄን ስሰድ እጄም ተያዘ። አንዷን ክር ብቻዋን ባገኛት በጥርሴ በበጠስኳት ነበር። ያን ሁሉ ግን አልቻልኩም። ሸማኔው ሊቆጣኝ ሲል ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቅ የነበረችው አያቴ ቀደመችው። «ተዋት፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ትማር» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ተረት ለእኔ የሴቶች ተረት ነው።

የቃሉ አፈጣጠርም ያግዘኛል። ጎጃም የእነ ዋሸራ፣ የእነ ዲማ፣ የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ቤት ሁለት ፍቺ የሚሸከም ቃል ኅብረ ቃል ይባላል፤ ሰሙንም ወርቁንም አንድ ላይ የሚይዝ። «ድር» እንዲያ ያለ ቃል ነው። ሰሙ የሸረሪት፣ ወርቁ የፈታይ ነው ብል ደፋር የምባል አይመስለኝም። ደግሞ «ቢያብር» ራሱ ከግዕዙ «ኀበረ» የመጣ ነው። ኅብር፣ ኅብረት፣ ማኅበር ሁሉም ከዚያው ከአንድ ግንድ ናቸው። አያቴና ጓደኞቿ በየወሩ በ21 የሚጠጡት የማርያም ማኅበርም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ተረቶቻችን ሁሉ ለሴት ደግ ናቸው ማለቴ አይደለም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውም የእኛው ነው። አመታቱን ስሙት፦ ቢያውቅ፣ ያልቅ። ቢያብር፣ ያስር። ዜማቸው አንድ ነው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል። «ሴት ቢያውቅ» የሚለውን ጎጃም ውስጥ በሕይወቷ የሻረችው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናት። ዓይነ ስውር ነበረች። ቅኔ ከአባቷ ተምራ የቅኔ መምህርት ሆነች። ወንድ ደቀ መዛሙርት እግሯ ሥር ቁጭ ብለው ቅኔ ተቀበሉ። የእሷን ስም ያልሰማች የጎጃም ልጅ ስትገጥመኝ በጣም ነው የሚቆጨኝ።

እህትነት ስማችን ውስጥ ሳይቀር አለ። «እት» የጥንቱ የአማርኛ «እህት» ነው። እቴነሽ፦ እህቴ ነሽ። እታገኘሁ፦ እህት አገኘሁ። ሴት ልጅ ስትወለድ ለቤቱ እህት መጣች ብሎ የሚደሰት ሰው ነው እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣው።

አንበሳውስ ማነው? አንበሳ በአገራችን የንጉሥ ምልክት ነበር፤ «ሞዓ አንበሳ» የሚለው ማዕረግ በየደብዳቤው አናት ይጻፍ ነበር። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሳ የገጠመው ያንን አንበሳ ነው። በመጨረሻ አገረ ገዥው ከቦታቸው ተነሱ። ለአያቴና ለጓደኞቿ ግን አንበሳው ቤት ድረስ የሚመጣ ነበር። ምጥ ነው። ሐዘን ነው። አልጋ ላይ የሚጥል በሽታ ነው። ሴት ምጥ ሲይዛት መንደርተኛዋ ዙሪያዋን ከብባ «ማርያም ማርያም» ትላለች። አንዷ ወገቧን ትደግፋለች፤ አንዷ ውኃ ታሞቃለች፤ አንዷ ገንፎውን ታገነፋለች። ሌላዋ ደግሞ የአራሷን ትልልቅ ልጆች ወደ ቤቷ ወስዳ አብልታ ታስተኛለች። ይቺ የመጨረሻዋ ስሟ አይነሳም። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው እሷን ነው።

ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ሲበዙ ሸማኔው ድሩን ከገበያ መግዛት ለመደ። አሁን ብዙ ቦታ ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል። የፋብሪካ ድር እኩል ነው፣ አይበጠስም፣ ቶሎ ይደርሳል። ሴቶቹም ከስንት ሌሊት ድካም ተርፈዋል። በዚህ አላዝንም።

የአያቴ ጋቢ አሁን እኔ ጋ ነው። ብርሃን ፊት ዘርግቼ በቁመቱ ስመለከተው አንድ ወጥ አይደለም። የተወሰነው ቀጭን ነው፤ ቀጥሎ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይቀጥናል። ያ ወፈር ያለው አያቴ «ጨምረሽ አክሪያት» ስትላት የነበረችው የጎረቤታችን እጅ ነው። በጣቴ ስዳስሰው ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ።