ባያስ ምንድን ነው? ድምፅ መጨመሪያ አይደለም!

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። አንድ ልጅ ርካሽ የቻይና ቲዩብ አምፕሊፋየር (በትራንዚስተር ፈንታ አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ ድምፅ የሚያጎላ) ገዝቶ «ድምፁ ቀጠነብኝ» አለ። ሌላው ወዲያው «ባያሱን ከፍ አድርገው፣ ጉልበት ይጨምርልሃል፣ ቲዩቡም ደመቅ ይላል» ብሎ መከረው። ልጁ ካቻቢቴውን ይዞ ገባበት። ይህን ምክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። በዚሁ ምክር የተቃጠሉ ቲዩቦችም እዚህ ጎንደር ጠረጴዛዬ ላይ መጥተው ያውቃሉ።

ቲዩቡ ውስጥ ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ፕሌት ይቀበላል፣ ግሪድ መሀል ሆኖ ፍሰቱን ይቆጣጠራል፤ አምፕሊፋየር ከፍቶ የሚነካካ ሰው ያውቃቸዋል። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ባያስ ማለት ሙዚቃ ሳይገባ፣ አምፕሊፋየሩ በርቶ ዝም ባለበት ሰዓት፣ በቲዩቡ ውስጥ ምን ያህል ከረንት እንዲያልፍ እንደምንወስን ነው። ግሪዱን ከካቶዱ አንጻር ኔጌቲቭ እናደርገዋለን፣ ከረንቱ በዚያ ይገታል። በቃ ይኸው ነው። ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ጉልበትም አይደለም።

ፒያሳ ተራ የሚጠብቅ ባጃጅ አስቡ። ሞተሩ አልጠፋም፣ በሚኒሞ ይሠራል። ባያስ የቲዩቡ ሚኒሞ ነው። ሚኒሞውን ከልክ በላይ ከፍ ብታደርጉት ባጃጁ ቆሞ ይጮሃል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሞተሩ ይግላል። የጎሃን አቀበት ግን ከበፊቱ ፈጥኖ አይወጣውም፤ አቀበቱን የሚወጣው ሞተሩ ባለው አቅም ነው። የአምፕሊፋየር አቅም ደግሞ የፕሌቱ ቮልቴጅ፣ የፓወር ሳፕላዩና የውጤት ትራንስፎርመሩ (ቲዩቡን ከስፒከሩ የሚያገናኘው) ነው። ሚኒሞውን በጣም ዝቅ ብታደርጉት ደግሞ ነዳጅ ስትሰጡት ይንተፋተፋል። ቲዩቡም እንደዚያው ነው። ፑሽፑል አምፕሊፋየር (ሁለት ቲዩብ እየተቀባበለ የሚሠራበት) ላይ ባያሱ ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ከረንቱ በጣም ሲያንስ፣ አንዱ ቲዩብ ለሌላው የሚያቀብልበት ቦታ ላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ ድምፁም እዚያ ላይ ይሻክራል። ጮክ ብሎ ሲጫወት ላይታወቃችሁ ይችላል። ቀስ ባለ ድምፅ ማሲንቆ ስታዳምጡ ግን የቃናው ጫፍ እየሞተ ሲሄድ መሻከሩ ይሰማል።

አሁን ወደ መካሪው ልመለስ። ወንድሜ፣ ቁጥር ይዘን እናውራ። ኢኤል84ን ውሰድ፤ በፈረንጆች 1950ዎቹና 60ዎቹ ከአውሮፓ የመጡ ብዙ ራዲዮኖች ውስጥ ያለው ቲዩብ ነው። ፕሌቱ የሚችለው ሙቀት 12 ዋት ነው። ለብቻው ሲሠራ በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ያለው አሠራር 250 ቮልት፣ ካቶዱ ላይ 135 ኦም ሬዚስተር ነው። ሬዚስተሩ ላይ 7.3 ቮልት ገደማ ታነባለህ። ለ135 ስታካፍለው ወደ 54 ሚሊአምፔር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 5.5 ያህሉ የስክሪኑ (በግሪዱና በፕሌቱ መሀል ያለው ሁለተኛ ግሪድ) ነው፣ ወደ 48 የሚሆነው የፕሌቱ። 48 ሚሊአምፔር በ250 ቮልት ሲባዛ 12 ዋት ነው። ቲዩቡ ገና ሙዚቃ ሳይጀምር ጣሪያው ላይ ነው ማለት ነው። ታዲያ ከፍ የምታደርገው ወዴት ነው?

እዚህ ላይ የባጃጁ ምሳሌ ይንገዳገዳል፣ መናገር አለብኝ። ክላስ ኤ የሚባለው፣ በቲዩቡ ውስጥ ከረንት ጭራሽ የማይቋረጥበት አሠራር ላይ ቲዩቡ ከሁሉ በላይ የሚግለው ሙዚቃ በሌለበት ሰዓት ነው። ሙዚቃ ሲገባ ከፊሉ ኃይል ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ተራ እየጠበቀ ከአቀበት ይልቅ የሚግል ባጃጅ የለም። ግን ለዚህም ነው «ቀስ አድርጌ ነው የማዳምጠው፣ ቲዩቡ አይጎዳም» የሚለው ሐሳብ የማይሠራው።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ ስሙ ነው። «የእኔ ፊክስድ (ቋሚ) ባያስ ነው፣ ስለዚህ ማስተካከል አያስፈልገውም» ይላሉ። ተቃራኒው ነው! ፊክስድ የተባለው ለግሪዱ የሚሰጠው ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ከሌላ ምንጭ ስለሚመጣና ቲዩቡ ሲያረጅም ሲቀየርም አብሮ ስለማይስተካከል ነው። ስለዚህ እናንተ ናችሁ የምታስተካክሉት፣ ቲዩብ በቀየራችሁ ቁጥር። ራሱን የሚያስተካክለው ካቶዱ ላይ ሬዚስተር ያለው ካቶድ ባያስ ነው። ከረንቱ ሲጨምር ሬዚስተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ ያ ደግሞ ከረንቱን መልሶ ይይዘዋል። ሚኒሞው ከፍ ሲል በራሱ መለስ የሚል ሞተር በሉት።

አብዛኞቹ ርካሽ አምፕሊፋየሮች ካቶድ ባያስ ናቸው፣ የሚዞር ነገር የላቸውም። ባያሱን መቀየር ማለት ሬዚስተሩን ነቅሎ ሌላ መበየድ ማለት ነው። ከፊት ሁለት ትንንሽ 6ጄ1 ቲዩብ ያላቸው በጣም ርካሾቹ ላይማ ቲዩቡ ስፒከር አይነዳም፤ የሚነዳው ከኋላ ያለው ቺፕ ነው። ከቲዩቡ ስር የሚያበራውም ብዙ ጊዜ የተለጠፈ ኤልኢዲ ነው፣ እሱን ደግሞ ምንም ባያስ አያደምቀውም። የእውነተኛ ቲዩብ ብርሃን ካቶዱን የሚያሞቀው የሂተሩ ነው፣ ብርቱካናማ ሆኖ መሀል ላይ ይታያል። ውጭ ያለው ግራጫ ፕሌት ቀልቶ ካያችሁ ግን ወዲያው አጥፉ። ቲዩቡ እየሞተ ነው።

ፊክስድ ባያስ ያላችሁ በጆሮ ወይም ቪዲዮ ላይ ባያችሁት ቁጥር አታስተካክሉ። የሌላ ሰው ቁጥር ለሌላ ሰው ቮልቴጅ ነው። ኢኤል34 የሚባለው ተለቅ ያለ ቲዩብ ፕሌቱ የሚችለው 25 ዋት ነው። ፑሽፑል ላይ 70 በመቶውን እንያዝ፣ 17.5 ዋት ነው። ፕሌቱ ላይ 400 ቮልት ካለ ወደ 44 ሚሊአምፔር ይደርሳችኋል። አንዱ «60 አድርገው» ቢላችሁ ያ 24 ዋት ነው፣ ጫፍ ላይ ነው። በ300 ቮልት ግን ያው 60 ሚሊአምፔር 18 ዋት ብቻ ነው። ለመለካት በካቶዱና በግራውንዱ መሀል 1 ኦም ሬዚስተር ካለ እያንዳንዱ ሚሊቮልት አንድ ሚሊአምፔር ነው። የምታነቡት የስክሪኑንም ስለሚጨምር የፕሌቱ ከዚያ ትንሽ ያንሳል፣ ስህተቱ ወደ ደህናው ወገን ነው። «ባያስ ጨምር» የሚለው ቃል ራሱም ያሳስታል፤ ኔጌቲቩን ቮልቴጅ ከጨመራችሁት ከረንቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የትኛውን እንደምትጨምሩ ለይታችሁ ተናገሩ።

ባያስ ድምፁን ጭራሽ አይቀይረውም እያልኩ አይደለም። ትንሽ ሞቅ ሲል ለስለስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ከፍተኛው ዋት ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። ፑሽፑል ላይ ደግሞ የሁለቱ ቲዩቦች ከረንት መቀራረብ አለበት፤ ካልተቀራረበ የውጤት ትራንስፎርመሩ ብረት ወደ አንድ ወገን ይሳባል፣ ባሱ ይደክማል። የቆየ ራዲዮ የምትጠግኑ ከሆነ ባያሱን ከመንካታችሁ በፊት ኢኤል84ቱ ግሪድ ላይ ፖዘቲቭ ቮልት መኖር አለመኖሩን እዩ። ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ያለው አሮጌ ካፓሲተር እያፈሰሰ ነው። እሱ ሳይቀየር ሬዚስተር መለዋወጥ ትርፉ ድካም ነው።

ያልጠየቃችሁኝን ልጨምር። ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። በሬዚስተር አፍስሱት፣ ዜሮ መድረሱን በሜትር አረጋግጡ፣ ከዚያ እጃችሁን አስገቡ። በርቶ ስትለኩ አንድ እጅ ብቻ ይሥራ።

መብራቱንም አትርሱ። ቤቴ ውስጥ ምሽት ላይ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ 200 ቮልት አካባቢ ይወርዳል፣ በ220 ላይ 6.3 የነበረው የሂተር ቮልት 5.7 ይሆናል፣ የፕሌቱም አብሮ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ባያሱን ለክቶ «ዝቅ ብሏል» ብሎ ከፍ ያደረገ ሰው፣ ሰፈሩ ሲተኛና መብራቱ ሲመለስ ቲዩቡ ከልኩ ያልፍበታል። ለዚህ ነው እኔ ባያስ የምለካው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ አምፕሊፋየሩን 20 ደቂቃ አሙቄ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቮልት በቅድሚያ ጽፌ የሆነው።