ተንሸራታች መስኮት ለምን አይወድቅም? ስለ መስኮት ሚዛን

ወደ ላይ እየተገፋ የሚከፈት መስኮት ታውቁ ይሆናል። ማጠፊያ የለውም። ወደ ውጭም ወደ ውስጥም አይከፈትም። መስታወቱን የያዘው ክፈፍ በመቃኑ ውስጥ ባለ ቦይ ሽቅብ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ በቃ። ይህን ተንሸራታች ክፈፍ ባለሙያዎቹ ሳሽ ይሉታል። ቃሉ እንግሊዝኛ ይምሰል እንጂ ምንጩ ክፈፍ የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛው ሻሲ ነው። አዎ፣ የመኪናችን ሻንሲ ቁጥርም የወጣው ከዚያው ቃል ነው።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሥር ኪሎ የሚሆን እንጨትና መስታወት ከፍ አድርጋችሁ ስትለቁት ለምን ቁልቁል አይምዘገዘግም? ፈረንሳዮች ይህን ዓይነት መስኮት በአንገት መቁረጫው ማሽን ስም ጊሎቲን ብለው መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚይዘው ነገር ከሌለ ይወድቃል። ጣት ላይ ይወድቃል፣ ተደግፎ ውጭ ውጭውን የሚያይ ሰው ክንድ ላይ ይወድቃል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው መሣሪያ የመስኮት ሚዛን ነው። አብዛኛውን ጊዜ መቃኑ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር፣ ዕድሜ ልካቸውን መስኮቱን ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ሰዎች እንኳ መኖሩን የሚያውቁት የተበላሸ ቀን ነው።

ስሙ ሚዛን መሆኑን ልብ በሉ። መሣሪያው መስኮቱን ለማንሳት የተሠራ አይደለም። የሳሹን ክብደት በእኩል ጉልበት ወደ ላይ እየሳበ ያጣፋዋል፣ ከዚያ በኋላ እጃችሁ የሚታገለው ከክብደቱ ጋር ሳይሆን ከቦዩ ሰበቃ ጋር ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ሰበቃ ደግሞ ጠቃሚ ናት። ሚዛኑ በጥቂት ግራም ቢሳሳት እንኳ መስኮቱን ባለበት የምታቆመው እሷ ናት። ወደ ጎን የሚንሸራተት መስኮት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ክብደቱን ከታች ያለው ሐዲድ ስለሚሸከመው የመሬት ስበት አይቀናቀነውም።

ሚዛን ከመፈልሰፉ በፊት ሰው ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። ከሥር ዱላ መወተፍ። ወይም መቃኑ ላይ በየተወሰነ ርቀት ቀዳዳ በስቶ ሳሹን በእንጨት ወይም በብረት ቀጭን ካስማ መያዝ። ትንሽ ሻል ያለው ሞላ ያለው መቀርቀሪያ ነው፦ ሳብ አድርገህ ትለቀዋለህ፣ ቀዳዳው ውስጥ ጥልቅ ይላል። እነዚህ ሁሉ መስኮቱን ይይዙታል እንጂ አይመዝኑትም፣ ስለዚህ የሚቆመው እናንተ በፈለጋችሁት ቦታ ሳይሆን ቀዳዳው ባለበት ቦታ ነው፤ የማንሳቱ ድካምም እንዳለ ነው። የድሮ የባቡር ፉርጎ በር መስኮት የሚይዘው የቀዳዳ መዓት ያለው የቆዳ ማሰሪያ ከዚሁ ወገን ነው። እንደ ቀበቶ ነበር የሚሠራው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በእንግሊዝ አገር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። አንድ ሰው ሳሹን በገመድ አስሮ፣ ገመዱን በበከራ፣ ማለትም ገመድ በሚሄድባት ትንሽ መንኮራኩር ላይ አሳልፎ፣ ሌላኛውን ጫፍ በክብደት ወጠረው። የፈለሰፈው ማን እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ብቻ መጀመሪያ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ታየ፣ ከዚያ በከተማው ሁሉ ተዛመተ። ለንደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1666 በእሳት የተቃጠለች ከተማ ናትና እንጨት ያስፈራታል። በ1709 ሥራ ላይ የዋለው የሕንፃ ሕግ የመስኮት ክፈፎች ከግድግዳው ፊት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንዲገቡ አዘዘ። የ1774ቱ ሕግ ባሰበት፣ ክብደቱ የሚንጠለጠልበት የእንጨት ሣጥንም ከጡቡ ጀርባ ይደበቅ አለ። ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠሩ ቤቶች ላይ ከውጭ የሚታየው የእንጨት ጠርዝ ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው። ውበት የሚመስለን ነገር የእሳት አደጋ ደንብ ነው እንግዲህ።

አሠራሩን ከተረዳችሁት ይገርማል። አንድ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳሽ አለው፣ ላይኛውና ታችኛው። እያንዳንዱ ሳሽ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ክብደት ይዞለታል። በጠቅላላው አራት ክብደት፣ አራት ገመድ፣ አራት በከራ። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ረጅም የጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ዘንግ ነው፣ አንዳንዴ እርሳስ የሚባለው ከባድ ማዕድን። መቃኑ ውስጡ ክፍት ሣጥን ነው። መሀሉ ላይ ስስ ጣውላ ተንጠልጥሎ የላይኛውን ሳሽ ክብደት ከታችኛው ይለያል፣ አለዚያ ሲወጡና ሲወርዱ ይጋጩ ነበር። መስኮቱን ስትከፍቱ ግድግዳው ውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የማደንቃት ብልሃት አለች። በስሌት ከሄድን እያንዳንዱ ክብደት የሳሹን ግማሽ መመዘን አለበት። ጥሩ አናጺ ግን ልክ ግማሹን አያደርግም። የላይኛው ሳሽ ሲዘጋ ከላይ መቆየት ስላለበት ክብደቶቹን ሩብ ኪሎ ያህል ያከብድለታል። የታችኛው ሲዘጋ ከታች መቆየት ስላለበት ትንሽ ያቀልለታል። ስለዚህ ሁለቱም ሳሾች በራሳቸው ወደ መዘጋት ያጋድላሉ።

ችግሩ የሚመጣው መስታወቱ ሲቀየር ነው። መስታወት በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በአንድ ካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 90 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ነጠላ መስታወት እንውሰድ፤ 7 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። እንጨቱን 4 ኪሎ ብንል ሳሹ 11.2 ኪሎ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ክብደት 5.6። አሁን ብርድና ድምፅ ለመከላከል ተብሎ ድርብ መስታወት ይገባበት። መስታወቱ ብቻ 14.4 ኪሎ ሆነ፣ ክብደቶቹ ደግሞ 9.2 ኪሎ መሆን አለባቸው። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጊዛ ዘንግ ይህን ለማግኘት ርዝመቱ ከ62 ሴንቲ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ገደማ ያድጋል። ያን ያህል ዘንግ ሣጥኑ ውስጥ የመውረጃ ቦታ ያጣል፣ መሬት ይነካና መስኮቱ እኩል መንገድ ላይ አልከፈትም ይላል። መፍትሔው እርሳስ ነው። ከጊዛ አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፣ ስለዚህ ያው 9.2 ኪሎ በ65 ሴንቲ ሜትር ይገባል። እርሳስ መርዛማ ነው፣ በባዶ እጅ አትነካኩት፣ ከነካችሁም ታጠቡ። መስታወት የሚቀይሩ ብዙ ሰዎች ግን ይህን ሒሳብ ጨርሶ አይሠሩም። አዲሱን መስታወት ገጥመው ይሄዳሉ፣ በሳምንቱ መስኮቱ ከሥሩ ዱላ ይወተፍለታል።

ተመሳሳይ ነገር ድሮም ደርሷል። እንግሊዝ በመስታወት ላይ የጣለችውን ቀረጥ በ1845 ስታነሳ ትላልቅ መስታወት ረከሰ። በትናንሽ መስታወት የተከፋፈለው መስኮት ቀርቶ አንድ ወጥ ወይም ለሁለት የተከፈለ መጣ። ሳሹ ከበደ፣ ክብደቱም አብሮ ከበደ፤ በጣም ለከበዱት ደግሞ በገመድ ፋንታ ሰንሰለት ገባ።

የዚህ ሥርዓት ደካማ ጎን ሁለት ነው። አንዱ ገመዱ ነው። የጥጥ ገመድ ያልቃል፣ ይበሰብሳል፣ በተለይ ቀለም ሲቀቡት ይደርቅና ይሰበራል። ቀለም ቀቢ ሁሉ ገመዱን ካልቀባ ሥራው የተሟላ አይመስለውም መሰለኝ። ሌላው ሣጥኑ ነው። ባዶ ስለሆነ ብርድ በእሱ በኩል ይገባል፣ በመከላከያ ነገር እንዳትሞሉት ደግሞ ክብደቱ መንቀሳቀስ አለበት። አዳዲስ መስኮቶች ወደ ሞላ የዞሩት በዋናነት ለዚህ ነው። ሞላ ሣጥን አይፈልግም።

ሞላ ግን የራሱ አመል አለው። በሳባችሁት ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ይህን ሕግ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ1678 አሳትሞታል፣ የሚገርመው ተንሸራታች መስኮት ለንደን ውስጥ መስፋፋት የጀመረው በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። የመስኮቱ ክብደት ግን ከላይም ሆነ ከታች ያው ነው። ስለዚህ ተራ ሞላ ብትገጥሙለት መስኮቱ ዝቅ ሲል ወደ ላይ ይስበዋል፣ ከፍ ሲል ደግሞ አቅም ያጣል። የሞላ ሚዛኖች ታሪክ በሙሉ ይህን አመል የማስተካከል ታሪክ ነው።

አንደኛው መንገድ ጠመዝማዛው ነው። ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሞላ አለ፣ ከቱቦው እንደ መሰርሰሪያ የተጠማዘዘ ዘንግ ይወጣል። ሳሹ ሲወርድ ዘንጉ ይሳባል፣ ሲሳብ ሞላውን ያዞረዋል። ብልሃቱ ጥምዝምዙ ላይ ነው፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ሞላው በጠነከረበት ቦታ ጥምዝምዙ ጉልበቱን እንዲቀንስ ሆኖ ስለተሠራ የመጨረሻው ስበት እኩል ይሆናል። ማስተካከል ሲፈለግ ዘንጉን ጥቂት ዙር ማዞር ይበቃል። ስታዞሩት ግን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ካመለጠ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ ጣት አይምርም።

ሁለተኛው ሞላንና በከራን ያጣምራል። ሞላው ረጅም የብረት ቦይ ውስጥ ተቀምጦ፣ ገመዱ በትናንሽ በከራዎች ላይ ደጋግሞ ይመላለሳል። ሳሹ ብዙ ሲሄድ ሞላው የሚሳበው ጥቂት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጉልበቱም ብዙ አይለዋወጥም። ሦስተኛው ከሁሉም ቀላሉ ነው። ተጠቅልሎ የተሠራ ስስ የማይዝግ ብረት፣ የአናጺ ሜትር ውስጥ እንዳለው ያለ። ስትስቡት ይዘረጋል፣ ስትለቁት ይጠቀለላል፣ ጉልበቱ ግን ብዙም ብትዘረጉት ያው ነው። አንዱ ካልበቃ ሌላ ይደረብበታል።

የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ በዕድሜ ከሆነ የድሮውን ክብደት የሚያህል የለም። የመሬት ስበት አይደክምም፣ ሞላ ግን ይደክማል። መቶ ዓመት ያለፈው የጊዛ ዘንግ አዲስ ገመድ ብቻ ይፈልጋል። የሞላ ሚዛን ሲሞት የሚጠገን ነገር የለውም፣ ተነቅሎ ሌላ ይገባል። ስትገዙ ርዝመቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የመሸከም አቅሙን የሚናገር ቁጥር ብረቱ ላይ ይታተማል፣ ጠመዝማዛዎቹ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያል። ከተቻለ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው።

ለማጽዳት ወደ ውስጥ የሚያጋድሉ አዳዲስ መስኮቶች ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሳሹ ከታች የተቀመጠው በቦዩ ውስጥ በሚሄድ ትንሽ ተሸካሚ ላይ ነው። ሳሹ ሲያጋድል ተሸካሚው ይቆለፋል። ሳይቆለፍ ሳሹን ካወጣችሁት ሞላው ባዶውን ተሸካሚ ሽቅብ ያስፈነጥረዋል። ፊታችሁን ከቦዩ አርቁ።

የመስኮቱን ሕመም ከአካሄዱ ማወቅ ይቻላል። ዝም ብሎ ከወደቀ ሁለቱም ገመዶች ተበጥሰዋል ወይም ሞላው ሞቷል። በአንድ ጎን አጋድሎ ከተቀረቀረ አንዱ ብቻ ነው የሄደው። በራሱ ወደ ላይ ከወጣ ሚዛኑ ከብዷል። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ሚዛኑን አትጠርጥሩት፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቀለም ነው። በስለት ዙሪያውን መሰንጠቅ በቂ ነው።

ገመድ መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በውስጥ በኩል ያለው ቀጭን መያዣ ጣውላ በመሮ ቀስ ተብሎ ይነሳል፣ ታችኛው ሳሽ ይወጣል። መቃኑ ግርጌ ላይ በብሎን ወይም በምስማር የተያዘች ትንሽ ክዳን አለች፣ ስትከፈት ክብደቱ ይገኛል። አዲሱን ገመድ በበከራው በኩል ለማስገባት ጫፉ ላይ ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ ያለው ክር ይላካል። እንግሊዞች ይህችን ቁራጭ አይጥ ይሏታል፣ በጨለማው ውስጥ ተንሸራታ በታችኛው ቀዳዳ ብቅ ስለምትል ይመስለኛል። ከዚያ ገመዱ በክሩ ተጎትቶ ይገባል፣ ክብደቱ በደንብ ይቋጠራል።

ሰው የሚሳሳተው ርዝመቱ ላይ ነው። ሳሹ እስከ ላይ ሲከፈት ክብደቱ የሣጥኑን ወለል መንካት የለበትም፣ ሲዘጋ ደግሞ ከበከራው ጋር መላተም የለበትም። ገመዱ የሚመታበት ምስማርም ሳሹ ጫፍ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ይሁን፣ ካልሆነ መስኮቱ ሲከፈት ምስማሩ ከበከራው ይደርስና ያግደዋል። አዲስ ገመድ ስለሚለጠጥ ከመለካቱ በፊት ክብደት አንጠልጥሎ ማቆየት ይሻላል። አንዱ ከተበጠሰ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነውና አራቱንም በአንዴ ቀይሩ። ቦዩን በሰም አሹት፣ ዘይት ግን አቧራ ስለሚይዝ ይቅር። ሲያልቅ ሳሹን እኩሌታ ላይ አድርሳችሁ እጃችሁን ልቀቁት። ትንሽ ቢንሸራተት ክብደቱ ላይ የእርሳስ ቁራጭ መጨመር ነው፣ ሽቅብ ካለ መቀነስ።