በባሕር ዳር ከጌም ኮምፒውተር በሪሲቨር የሚገኝ ሰራውንድ ድምፅ፤ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሰራውንድ ድምፅ ተጫዋቹን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚከበው ድምፅ ነው። የተለመደው አደረጃጀት 5.1 ይባላል። አምስቱ የፊት ግራ፣ መሀል፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ስፒከሮች ናቸው። ነጥብ አንዱ ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ሳብዉፈር ነው። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሑፍ ስላላገኘሁ፣ በእጄ ያሉትን የሪሲቨርና የማዘርቦርድ ማኑዋሎች እንዲሁም ከተማችን ውስጥ ሲገጠም ያየሁትን ይዤ አዘጋጅቼዋለሁ።

ሪሲቨር ሲባል

ባሕር ዳር ላይ "ሪሲቨር" ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የዲሽ ሪሲቨር ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላ ዕቃ ነው። ውስጡ አምፕሊፋየር ያለው፣ ከኋላው የስፒከር ገመድ ማሰሪያዎች የተደረደሩበት ከባድ ሳጥን ነው። ዲቪዲ ማጫወቻ አብሮት ከተሠራው ሆም ቴአትርም ይለያል። ልዩነቱን ሳያዩ መግዛት ገንዘብ ያስበላል። በብዙ ሆም ቴአትሮች ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበት) ቀዳዳ ወደ ቲቪ ምስል መላኪያ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን እዚያ ቢሰኩት ምንም ድምፅ አይመጣም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቀዳዳው አጠገብ "ኢን" ይላል ወይስ "አውት" የሚለውን ማየት ያስፈልጋል።

አንዳንዱ ሪሲቨር የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ኋላው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ ይኖራል። የኛ ግድግዳ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቀጥታ ከተሰካ ፊውዙ ይበጠሳል፤ ሲከፋ ውስጡ ይቃጠላል። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግድ ነው። አንዳንድ ስታቢላይዘር 110 ቮልት መውጫ አለው። እሱን ለመጠቀም ግን ሪሲቨሩ ላይ የተጻፈውን ዋት መሸከሙን ማረጋገጥ ይገባል።

የኦፕቲካል ዘመን

ኦፕቲካል ገመድ ከመለመዱ በፊት ከኮምፒውተር 5.1 የሚወጣው ከማዘርቦርዱ ወይም ከሳውንድ ካርዱ በሦስት ጃኮች ነበር። ይህ መንገድ አሁንም ለአሮጌ ሪሲቨር ይሠራል።

ኦፕቲካል ገመድ ድምፅን በብርሃን የሚወስድ ነው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው፣ ሲዲ ማጫወቻን ከአምፕሊፋየር ለማገናኘት ነው። ሥራው ያኔ ሁለት ቻናል፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ስፒከር የሚሄድ ድምፅ ብቻ ነበር። የዛሬው ችግር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ ቻናል በሰከንድ 48,000 ናሙና (የድምፅ ልኬት)፣ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ቢሆን ሁለት ቻናል ወደ 1.5 ሜጋቢት ይሆናል። ስድስት ቻናል ደግሞ ወደ 4.6 ሜጋቢት ይደርሳል። ይህን ስሌት የኛ የፖሊ ልጆች ወረቀት ሳያነሱ ይሠሩታል። ፖሊቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመ ነው። ከተማችን ውስጥ ብየዳ ይዞ ቦርድ የሚፈትሽ ሰው ሳይ፣ የዚያ ግቢ እጅ እንዳለበት ይሰማኛል።

በኦፕቲካሉ ስድስት ጥሬ፣ ማለትም ያልተጨመቀ፣ ቻናል ማሳለፍ ስለማይቻል ድምፁን መጭመቅ ያስፈልጋል። ዶልቢ ዲጂታል ስድስቱን ቻናል ቢበዛ በ640 ኪሎቢት ያጭቃል። ዲቪዲ ፊልም ቀድሞ ተጨምቆ ስለሚመጣ ችግር የለበትም። ጌም ግን ድምፁን እዚያው በዚያው ነው የሚፈጥረው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ወዲያው ወዲያው መጭመቅ አለበት። ይህን እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የኤንቪዲያ ኤንፎርስ ቺፕሴት (የማዘርቦርድ ዋና ቺፕ) ሠራ። በኋላ "ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ" እና "ዲቲኤስ ኮኔክት" የሚባሉት መጡ። ማዘርቦርዱ ወይም ሳውንድ ካርዱ ከሁለቱ አንዱ ከሌለው፣ በኦፕቲካል ከጌም የሚገኘው ስቴሪዮ ብቻ ነው። ገመዱ በውድ ዋጋ ቢገዛም ያው ነው።

መጭመቅ ጊዜ ይወስዳል። የዶልቢ ዲጂታል አንድ ቁራጭ 1,536 ናሙና ይይዛል፤ ይህም በ48,000 ናሙና 32 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ተኩሱ ከመሰማቱ በፊት ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ ያልፋል። በእግር ኳስ ጌም ማንም አያውቀውም። በተኩስ ጌም ግን ያስታውቃል የሚሉ አሉ፤ እኔም በግሌ ከነሱ ጋር ነኝ። የድምፅ ጥራቱ ከኤችዲኤምአይ ያንሳል ወይ በሚለው ላይ ግን ክርክር አለ፤ ምናልባት በጥሩ ስፒከር ሊለይ ይችላል።

ኦፕቲካል የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። አዲስ ገመድ ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለው። ቆቡ ካልወለቀ አይገባም። አንዱን ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ሌላውን ወደ መዳፍ ሲያስጠጉት ቀይ ነጥብ ከታየ ብርሃኑ እየመጣ ነው።

ኤችዲኤምአይ

ዛሬ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ኤችዲኤምአይ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ጀምሮ ስምንት ጥሬ ቻናል መሸከም ይችላል። ከግራፊክስ ካርዱ ወደ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨር ወደ ቲቪ ይቀጠላል። መጭመቅ የለም፤ የ32 ሚሊ ሰከንዱ መዘግየትም የለም።

ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ከድምፅ መውጫዎቹ ሪሲቨሩን መምረጥ፣ "ኮንፊገር" ብሎ 5.1 ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውሱ ስቴሪዮ ላይ ከቀረ፣ ሪሲቨሩ ሁለቱን ቻናል አባዝቶ በአምስቱም ሊያጫውት ይችላል። ሁሉም ስፒከር ስለሚጮህ ሰው ተሳካ ይላል። እውነተኛውን የሚለየው የሪሲቨሩ ስክሪን ነው። "መልቲ ቻናል" ካለ ደርሷል። "ኦል ቻናል ስቴሪዮ" ወይም "ፕሮ ሎጂክ" ካለ ገና ነው። ጌሙም ተዘግቶ እንደገና መከፈት አለበት፤ ብዙ ጌም የስፒከሩን ብዛት የሚያየው ሲነሳ ነው።

አሮጌ ሪሲቨር ፈጣን ሞኒተርን ያዘገያል። ያኔ ሞኒተሩን በዲስፕሌይፖርት (ሌላው የምስል መሰኪያ) ለብቻው፣ ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ለብቻው ማገናኘት ይቻላል። ዊንዶውስ ግን ሪሲቨሩን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ይቆጥረዋል። ማውሱ ዳር ሲደርስ ወደማይታየው ስክሪን ሾልኮ ይጠፋል። ያንን ስክሪን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ወደ አንዱ ማዕዘን ማስጠጋት ይረዳል።

ኮምፒውተሩ ቲቪው ላይ ተሰክቶ፣ ድምፁን ከቲቪው ወደ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚመልሰው ኤአርሲ ጥሬ 5.1 አያሳልፍም። አዲሱ ኢኤአርሲ ግን ያሳልፋል። ከላይ የሚወርድ ድምፅ የሚጨምረው ዶልቢ አትሞስም እ.ኤ.አ. በ2017 ዊንዶውስ ላይ ገብቷል።

መብራትና ቤት

ጢስ ዓባይ አጠገባችን ነው፤ እዚያ ያለው የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ያም ሆኖ መብራት ይሄዳል። ሲመለስ ሪሲቨሩ ስታንድባይ ላይ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩም ሪሲቨሩን ስለማያየው 5.1 ማለቱን ይተዋል። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ቲቪው፣ ቀጥሎ ሪሲቨሩ፣ መጨረሻ ኮምፒውተሩ። መብራት ሲሄድ ሁሉንም ከዲቫይደሩ ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ዕቃ ያተርፋል።

ሪሲቨር ይሞቃል። ላዩ ላይ ዳንቴል ማልበስ የአየር ቀዳዳውን መድፈን ነው። እናቶች ቅር ቢላቸውም ዳንቴሉ ለቲቪው ጠረጴዛ ይሁን።

የኋላ ስፒከሮች የሚቀመጡት ከቀጥታ ኋላ ሳይሆን ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከፊት መሀል ሲቆጠር 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለገመድ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት የሚገዛ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ድርብ ገመድ ይበቃል። በ10 ሜትር የሚጨምረው መቋቋም ሩብ ኦም አይሞላም። ሽምብጥም ሆነ ዓባይ ማዶ፣ ከሌላ ተከራይ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሰው ሳብዉፈሩን ከዚያ ግድግዳ ማራቅ አለበት፤ ቤዝ ግድግዳ ያልፋል።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የጌሙ ንግግር ይዋጣል። ያኔ ጠቅላላውን ድምፅ መጨመር ተኩሱን ብቻ ያጮኸዋል። ከሪሲቨሩ ሴቲንግ የመሀሉን ስፒከር ለብቻው 3 ዲሲቤል ከፍ ማድረግ ይሻላል። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቦታው ይመለሳል።