ሐኒሽ፦ በይደር የቀሩ ደሴቶች

ሐኒሽ የምንላቸው ደሴቶች ቀይ ባሕር ወደ ባብ ኤል መንደብ መጥበብ ሲጀምር በደንከል ጠረፍና ቲሃማ በሚባለው የየመን የባሕር ዳር ሜዳ መሃል ተበትነው ያሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው። ትልቁ ሐኒሽና ትንሹ ሐኒሽ አሉ፣ ከነሱ ወደ ሰሜን ዙቀር አለ (ከሁሉም ከፍ የሚለው እሱ ነው፣ ጫፉ 624 ሜትር ይደርሳል)፣ ወደ አፍሪካው ጠረፍ ደግሞ ሞሐባካ፣ ሄይኮክና የደቡብ ምዕራብ ዓለቶች የሚባሉት ጥቃቅኖቹ። ራቅ ብለው ወደ ሰሜን ዙበይርና ጀበል አል ጠይር አሉ፣ እነዚህ ከሐኒሽ ቡድን ባይቆጠሩም ክርክሩ ውስጥ አብረው ገብተዋል። የሚጠጣ ውሃ የለም፣ ቋሚ ነዋሪ የሚባልም የለም፣ ዓሣ አጥማጅ መጥቶ ይሰነብትና ይሄዳል። ኤርትራና የመን በ1995 የተታኮሱት በነዚህ ነው።

ስለ ሐኒሽ በአማርኛ የሚገኘው ነገር ባብዛኛው ያቺው የሦስት ቀን ጦርነት ናት፤ ከዛ በፊት ያለው መቶ ዓመት ግን ዝም ነው የተባለው። ጠቡ ደግሞ ከጦርነቱ ይልቅ የሚገባው ከዛ በፊት ባለው ነው። እዚህ የሰበሰብኩት አብዛኛው በ1998 የኤርትራንና የየመንን ክርክር ያዩት የግልግል ዳኞች የሰጡት ውሳኔ ውስጥ ያለ ታሪክ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱም ወሩና ቀኑም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱም ጠረፍ በኦቶማን ቱርክ እጅ ነበር፣ ቢያንስ በወረቀት። የምጽዋው በኩል ከ1860ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለግብፅ ኸዲቭ (ለግብፁ ገዢ) ተሰጥቶ ነበር፣ የየመኑ ጠረፍ ከሆዴይዳ ወደብ ይተዳደር ነበር። አሁን ልብ በሉ፣ አንድ ጌታ ሁለቱንም ዳር ሲይዝ መሃል ያለው ድንጋይ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ስለዚህ ቱርክ ለነዚህ ደሴቶች ብሎ የጻፈው ጥርት ያለ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ከአፍሪካው ጠረፍ አጠገብ ያሉት ወደ አፍሪካው አስተዳደር፣ ሐኒሽና ዙቀር ወደ ሆዴይዳው ያዘነብሉ ነበር የሚለውን ነው ዳኞቹ የተቀበሉት።

ከዛ ስዊዝ ተከፈተ። ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባለው የቀድሞ ሚስዮናዊ አሰብን ከአፋር ሡልጣኖች በማርያ ቴሬዛ ብር ለመግዛት የተዋዋለው ኅዳር 15 ቀን 1869 ነው፣ ቦዩ የተመረቀው ከሁለት ቀን በኋላ ኅዳር 17። አጋጣሚ አይደለም። ሩባቲኖ የሚባለው የመርከብ ኩባንያ ስም ነበር ውሉ ላይ ያለው፣ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ራሱ ተረከበው፣ በ1885 ምጽዋ ገባ፣ በ1890 መጀመሪያ ላይ ኤርትራ ብሎ ስም አወጣለት። የሚገርመው በዚህ ሁሉ ጊዜ ጣሊያን ደሴቶቹ ላይ አልወጣም። እነ ሐኒሽ ቱርክ ዘንድ ናቸው ብሎ ትቶ ነው የኖረው፣ ይሄ ዝምታ ከመቶ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ፊት ይነሳል ብሎ ማን አሰበ።

በቱርክ ዘመን ደሴቶቹ ላይ የተሠራ ቁም ነገር ቢኖር የመብራት ማማ ነው። መርከብ በሌሊት ከዓለት ጋር እንዳይጋጭ የሚያበራ ማማ ማለቴ ነው። ኦቶማኖቹ በ1881 ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ኮንሴሽን (የመሥራትና የማስተዳደር ፈቃድ) ሰጡ፣ ኩባንያው ግን ተጓትቶ ተጓትቶ መብራቶቹ ሥራ የጀመሩት በ1903 ነው፦ ጀበል አል ጠይር ላይ፣ ከዙበይር ደሴቶች አንዷ ላይ፣ ከዙቀር አጠገብ ያለችው አቡ ዓሊ ላይ፣ አራተኛው ደግሞ የየመን የብሱ ላይ ሞካ። እነዚህን ማማዎች ያዙልኝ፣ የደሴቶቹ ፖለቲካ ከዚህ ወዲያ ግማሹ በነሱ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቱርክ ከጀርመን ጋር ወገነ፣ እንግሊዝ በ1915 ከአደን ተነስቶ በየመን ጠረፍ ያለችውን የካማራን ደሴት ያዘ፣ ሌሎቹም ደሴቶች ላይ ሰው አውርዶ ባንዲራ ሰቀለ። ዋናው ፍርሃቱ ቱርክ ሳይሆን ወዳጁ ጣሊያን ነበር፣ ቀድሞ እንዳይሰቅል ነው። ካማራን ላይ ብቻ ቀረ፣ እዛ ወደ መካ የሚሄዱ ሐጃጆች ለበሽታ የሚመረመሩበት ኳራንቲን ነበረው።

ዋናው ቋጠሮ የሎዛን ውል ነው። ሐምሌ 24 ቀን 1923 ቱርክና አሸናፊዎቹ ሎዛን ላይ ሲፈርሙ አንቀጽ 16 የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ቱርክ ከድንበሯ ውጪ ባሉ ግዛቶችና ደሴቶች ላይ ያላትን መብት ሁሉ ትታለች፣ የነዚህ ግዛቶችና ደሴቶች ዕጣ በሚመለከታቸው ወገኖች ተወስኗል ወይም ወደፊት ይወሰናል። አለቀ። ለማን ተሰጠ አይልም። የሚመለከታቸው ወገኖች እነማን ናቸው አይልም። እዛው ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ቀደም ብሎ፣ አንቀጽ 15 ላይ፣ የኤጅያን ደሴቶች ለጣሊያን ሲሰጡ በስም በስማቸው ተዘርዝረው ነው የተሰጡት፣ ስለዚህ ሲፈልጉ መጻፍ ያውቃሉ። ቀይ ባሕር ላይ ያልጻፉት ስላልፈለጉ ነው። እንግሊዝ ጣሊያን የህንድ መንገዱ ላይ እንዲቀመጥበት አይፈልግም፣ ጣሊያን እንግሊዝ ሁለቱንም ዳር እንዲይዝ አይፈልግም፣ ስለዚህ ጉዳዩ በይደር ተያዘ። እኛ አገር ፍርድ ቤት በይደር ተያዘ ከተባለ ዓመት ሁለት ዓመት ነው፣ ይሄኛው 75 ዓመት ፈጀ።

የመን በበኩሏ ዳኞቹ ፊት ያለችው፣ ቱርክ ድሮም በጉልበት ነው የያዘችው፣ ስትለቅ መሬቱ ወደ ጥንት ባለቤቱ፣ ወደ የመን ገዢ ወደ ኢማሙ ይመለሳል ነው። ሎዛን ላይ አልፈረምኩም፣ አይመለከተኝም። ሚዛን የሚደፋ ክርክር ይመስላል፣ ግን ኢማም ያህያ የደጋ ሰው ነበሩ፣ ሆዴይዳን ራሷን ከዓሲሩ ገዢ ከኢድሪሲ ነጥቀው የያዙት በ1925 ነው፣ ጠረፉ በእጃቸው ሳይኖር ከጠረፉ ወዲያ ያለው ደሴት የሳቸው ነበር ማለት ከበድ ይላል፣ ዳኞቹም አልተቀበሉትም።

ከሎዛን በኋላ ያሉት 15 ዓመታት የድመትና አይጥ ናቸው። ጣሊያን በ1926 ከኢማሙ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመ፣ እንግሊዝ ደነገጠ፣ በ1927 ሮም ላይ ቁጭ ብለው ሁለታቸውም አረብ ጠረፍ ላይ ሌላ የአውሮፓ ኃይል እንዳይተከል ተነጋገሩ። የመብራት ማማዎቹን ማን ይጠብቅ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነበር፣ ጠባቂ ያስቀመጠ ነገ ባለቤት ነኝ ይላላ። በ1930 ለንደን ላይ የመብራቶቹን ነገር የሚመለከት ስምምነት ተዘጋጀ፣ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ጣሊያን በዚህ መሃል ቀስ እያለ ገባ፦ ከኤርትራ በኩል ለዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ይሰጣል፣ የተተወ መብራት ያበራል፣ ጠባቂ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝ ደብዳቤ ሲጽፍ ግን የባለቤትነት ጥያቄ የለኝም፣ ለዓሣ አጥማጆቹ ጥበቃ ነው ይላል። ይሄ ቃል በጽሑፍ ነው የቀረው።

ሚያዝያ 16 ቀን 1938 ሁለቱ ተፈራረሙ። የቀይ ባሕሩን በሚመለከተው አባሪ ላይ ማንኛቸውም በነዚህ የቀድሞ የቱርክ ደሴቶች ላይ ሉዓላዊነት አይመሠርቱም፣ ምሽግ አይሠሩም፣ ነገር ግን ጣሊያን በትልቁ ሐኒሽ፣ በትንሹ ሐኒሽና በዙቀር ላይ ለዓሣ አጥማጆቹ ጥበቃ ሲል ባለሥልጣን ቢያስቀምጥ እንግሊዝ አይቃወምም፣ እንግሊዝም ካማራን ላይ ለሐጃጆቹ ጤና ሲል ቢያስቀምጥ ጣሊያን አይቃወምም። ሰጥቶ መቀበል ነው። የሚያስቀው ግን እዛው ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን ሮም ላይ ቁጥር 1446 የሆነ ድንጋጌ ወጣና ሐኒሽና ዙቀር በኤርትራ አስተዳደር ውስጥ የአሰብ ኮሚሳሪያት አካል መሆናቸው ቀጥሏል አለ። ቀጥሏል የሚለው ቃል ተመርጦ የገባ ነው፣ አዲስ ነገር አልጨመርኩም፣ ድሮም እንዲሁ ነበር ለማለት። ስምንት ወር ቀደም ብሎ ሉዓላዊነት አልመሠርትም ያለው መንግሥት ነው እንግዲህ። ኤርትራ በኋላ ፍርድ ቤት ይዛ የቀረበችው ትልቁ ወረቀት ይሄው ነበር፣ ዳኞቹ አስተዳደራዊ ነገር ነው፣ ባለቤትነት አይፈጥርም አሉ።

ከዛ ጦርነቱ መጣ፣ ከረን፣ ምጽዋ፣ በ1941 ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ገባች። በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል አንቀጽ 23 ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ ያላትን ሁሉ ለቀቀች፣ ከዛ ዝቅ ብሎ አንቀጽ 43 ላይ ደግሞ በሎዛን አንቀጽ 16 ምክንያት ሊኖራት የሚችለውን መብትና ጥቅም ትታለች ይላል። ሊኖራት የሚችለውን! አሁንም አላት ወይም የላትም አይልም። የኛ ልዑካን እነ አክሊሉ ሀብተወልድ ፓሪስ ላይ ኤርትራንና የባሕር በሩን ለማስመለስ ሲሟገቱ ይቺ አንቀጽ እዛው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር።

ፌዴሬሽኑ በ1952 ሲጸና የኤርትራ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የኤርትራ ግዛት ደሴቶቹን ጨምሮ የቀድሞው የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነው አለ። የትኞቹ ደሴቶች? እሱም አልተዘረዘረም። ኢትዮጵያ ግን ሐኒሽንም እንደራሷ ነው የያዘችው። በ1953 የባሕር አዋጅ አውጥታ 12 ማይል አለች፣ በ1955 በኖርዌይ መኮንኖች እገዛ ባሕር ኃይሏን ምጽዋ ላይ አቋቋመች፣ በአፍሪካ ከነበሩት ደኅና ከሚባሉት አንዱ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም፣ ጃንሆይ በያመቱ ለባሕር ኃይል ቀን እየወረዱ ምርቃት ያዩ ነበር። ባንዲራ ተሸካሚዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ከአሜሪካ በ1962 የመጣች ስትሆን የባሕር ኃይሉ ጀልባዎች እነዚህን ደሴቶች ፓትሮል ያደርጉ ነበር፣ በኋላ ዋና ሥራቸው ለኤርትራ ታጣቂዎች ከአረብ ጠረፍ በሳምቡክ (በእንጨት የመርከብ ጀልባ) የሚመጣ መሣሪያ መያዝ ሆነ። ያ ሁሉ የፓትሮል መዝገብ በ1990ዎቹ ክርክር ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል፣ ያቀረበችው ግን ኤርትራ ናት፣ የኛ ባሕር ኃይል ድካም ለኤርትራ ፋይል ገባ ማለት ነው።

ሁለቱ የአቡ ዓሊና የጀበል አል ጠይር መብራቶች ደግሞ በዚህ ጊዜ በ1962ቱ የለንደን ስምምነት ሥር ነበሩ፣ ወጪውን መርከባቸው የሚያልፍባቸው አገሮች ያዋጣሉ፣ እንግሊዝ ያስተዳድራል፣ ኢትዮጵያም የመንም አልፈረሙም። በ1989 ስምምነቱ ሲያበቃ መብራቱን እኔ ልጠብቅ ያለችው ሰሜን የመን ናት፣ ስብሰባው ተቀበላት፣ ከኛ በኩል ተቃውሞ አልተሰማም። ያኔ ምጽዋ ሊወድቅ ወራት ነው የቀረው፣ ማን ስለ መብራት ያስባል። በ1991 ደግሞ ያቺው «ኢትዮጵያ» መርከብ ሸሽታ የተጠጋችው የመን ነው፣ እዛው ተሸጠች።

ኤርትራ በግንቦት 1993 ነጻ ሆነች። የመን ከአንድ የጀርመን ኩባንያ ጋር ትልቁ ሐኒሽ ላይ ሆቴልና የዳይቪንግ ፕሮጀክት ጀምራ ወታደር አስፍራ ነበር፣ ኤርትራ በኅዳር 1995 ልቀቁ አለች፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ ደሴቷን ያዘች፣ ከመቶ በላይ የየመን ወታደር ተማርኮ ብዙም ሳይቆይ ተለቀቀ። ኢትዮጵያና ግብፅም ለማስታረቅ ሞክረዋል፣ ነገሩን ወደ ግልግል የወሰደችው ፈረንሳይ ናት፣ ፓሪስ ላይ በግንቦት 1996 በመርሕ ተስማሙ፣ በጥቅምት ሙሉ ስምምነት ተፈረመ።

አምስት ዳኞች ተሰየሙ፣ ሰብሳቢው እንግሊዛዊው ሰር ሮበርት ጄኒንግስ ነበሩ። ጥቅምት 9 ቀን 1998 የሰጡት ውሳኔ፣ በኔ አነባበብ፣ ለቅኝ ገዢዎቹ ወረቀት ሁሉ ጀርባውን የሰጠ ነው። የየመንን የጥንት ባለቤትነት አልተቀበሉም፣ የኤርትራን ከጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ ከኢትዮጵያ ወደ እኔ የሚል ሰንሰለትም አልተቀበሉም፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቀለበት ራሱ ሎዛን ላይ በይደር የቀረ ነው። ስለዚህ የቅርብ ጊዜውን፣ በተለይ ከስምምነቱ በፊት ያለውን አሥር ዓመት ገደማ፣ ማን ምን ሠራ ብለው መዘኑ። ሞሐባካ፣ ሄይኮክና የደቡብ ምዕራብ ዓለቶች ለኤርትራ፣ ሐኒሽና ዙቀር ለየመን፣ ዙበይርና ጀበል አል ጠይርም ለየመን። ያቺ የመብራት ጥያቄ የመንን ጠቅማታለች። ያ አሥር ዓመት እኛ ሰሜን ላይ ስንዋጋ የነበረበት መሆኑ መቼም ያሳዝናል፣ 1960ዎቹ ቢመዘኑ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር የሚሉ አሉ፣ እኔም ከነሱ ነኝ። ኤርትራ ያኔ ከኛ ጋር ባድመ ላይ ጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ቢሆንም ውሳኔውን ተቀብላ በኅዳር መጀመሪያ ደሴቶቹን አስረከበች፣ ይሄን መካድ አይቻልም። በታኅሣሥ 1999 የባሕር ድንበሩም ተሠመረ።

ሁለቱም መንግሥታት ያልጠየቁት ግን ዳኞቹ ብዙ ገጽ የሰጡት የዓሣ አጥማጆቹ ነገር ነው። የደንከል አፋሩም የቲሃማው አረብም በሁሪ (በትንሽ ጀልባ) እና በሳምቡክ እነዚህ ደሴቶች ላይ ያርፋል፣ ሻርክ ያደርቃል፣ ጀልባ ይጠግናል፣ ተጣልተው እንደሆነ ዓቂል የሚሉት ሽማግሌያቸው ይዳኛቸዋል፣ ያጠመደውን ሆዴይዳ ወይም ሞካ ወስዶ ይሸጣል። ደሴቱ ለማንም ይሰጥ ይሄ ይቀጥላል አሉ ዳኞቹ፣ በ1999ኙ ውሳኔ ላይ ደግሞ ፈቃድ ማውጣት ሳያስፈልገው፣ ሌላኛው አገር ወደብ ገብቶ እንደ አገሬው ሰው እኩል መሸጥ ይችላል ብለው አብራሩት። የመን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ፣ በ2015 መጨረሻ ላይም ዙቀርና ሐኒሽ በሳውዲ የሚመራው ጥምር ጦር እጅ ከገቡ በኋላ፣ በባሕሩ ላይ ታጣቂ የበዛ ሲሆን ኤርትራ ጠረፍ ላይ የየመን አጥማጆች ከነጀልባቸው ተያዙ የሚል ዜና በየጊዜው ይሰማል።