ሻል የሚልና የሚብስ ሕመም፦ በብሪታንያ የፒአይፒ ክፍያ ላይ ለውጥ ማሳወቅ

ፒአይፒ (ፐርሰናል ኢንዲፔንደንስ ፔይመንት) በብሪታንያ ለረጅም ጊዜ ለታመሙና አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የሚከፈል ድጎማ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የዌልፌር ማሻሻያ ሕግ ሲሆን አመልካቾችን መቀበል የተጀመረው በኤፕሪል 2013 ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሚያስተዳድረው የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ነው። ሥራ ወይም ገቢ መኖሩ ድጎማውን አያሳጣም። የሚከፈለው ለበሽታው ስም ሳይሆን በሽታው በኑሮ ላይ ለሚያስከትለው ችግር ነው። በመሆኑም ተጠቃሚው ፍላጎቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሉፐስ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ሲክል ሴል፣ ክሮንስ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ዛሬ ሻል ብሎት ነገ ይብስበታል። ታዲያ ለእሱ «ለውጥ» የሚባለው የትኛው ነው?

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ ችግሩ ብዙ ሰው አለማወቁ ነው። የፒአይፒ ደንብ የሚመዝነው አንድን ቀን ሳይሆን 12 ወርን ነው፤ ያለፉትን 3 ወራትና የሚመጡትን 9 ወራት። ግምገማው 12 ተግባራትን ያያል። አሥሩ የዕለት ተዕለት ኑሮ ናቸው፤ ምግብ ማዘጋጀት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መድኃኒትን መከታተልና የመሳሰሉት። ሁለቱ ደግሞ መንቀሳቀስን ይመለከታሉ። በእያንዳንዱ ተግባር ሥር ሰውየው ምን ያህል እንደሚችል በደረጃ የሚገልጹ፣ ነጥብ ያላቸው መግለጫዎች አሉ። አንድ መግለጫ የሚቆጠረው ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት ሲሟላ ነው። ከመግለጫዎቹ አንዱም ለብቻው ግማሽ ካላለፈ፣ ነጥብ ያላቸው ተደምረው ግን ካለፉ፣ ብዙ ቀን የያዘው ይወሰዳል። ነጥቡ ለዕለት ተዕለት ኑሮና ለመንቀሳቀስ ለየብቻ ይደመራል፤ በእያንዳንዱ 8 ነጥብ መደበኛውን ክፍያ፣ 12 ነጥብ ከፍተኛውን ያስገኛል።

በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንዲት ሴት ከ30 ቀን ውስጥ 10 ቀን ያለችግር ትራመዳለች፤ 12 ቀን ያለ ምርኩዝ ከ20 ሜትር በላይ ብትሄድም ከ50 አታልፍም፤ 8 ቀን ደግሞ 20 ሜትርም አትዘልቅም። ሁለቱ አስቸጋሪ ዓይነቶች ለየብቻ ከግማሽ በታች ናቸው፤ ሲደመሩ ግን 20 ቀን ይሆናሉ። ብዙውን ቀን የያዘው ከ20 እስከ 50 ሜትር ያለው ስለሆነ 8 ነጥብና መደበኛውን ክፍያ ታገኛለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ከ20 ሜትር የማታልፍባቸው ቀናት 16 ቢደርሱ ከግማሽ በላይ ሆነዋልና 12 ነጥብ፣ ማለትም ከፍተኛው ክፍያ ይገባታል። በሽታዋ ያው ነው፤ ሐኪሟም አዲስ ነገር አልጻፈ ይሆናል። የተለወጠው የቀኖቹ ስብጥር ነው፤ መታወቅ ያለበት ለውጥም ይኸው ነው።

ስለዚህ ለሦስት ሳምንት የቆየ የሉፐስ መነሣት (ለጊዜው መባስ)፣ ከዚህ በፊትም የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ለብቻው ሪፖርት የሚደረግ ለውጥ አይደለም፤ ክፍያው ሲወሰን መቆጠር የነበረበት ነው። መነሣቱ በዓመት ሁለቴ የነበረው በየወሩ ከሆነ፣ ቆይታው ከረዘመ፣ ወይም በመካከሉ የነበሩት ደህና ቀናት እንደ ቀድሞው ደህና ካልሆኑ ግን ማሳወቅ ይገባል። በተቃራኒው አዲስ መድኃኒት ይዞ ለወራት ያለ እርዳታ መታጠብ የቻለ ሰውም ማሳወቅ አለበት። አንድ ጥሩ ሳምንት መሻሻል አይባልም።

«መጥፎ ቀን» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነም መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ተግባሩን «ይችላል» የሚባለው በደህንነት፣ ተቀባይነት ባለው ደረጃ፣ በተፈለገው ጊዜ ሁሉ ደጋግሞ፣ እንዲሁም ጤናማ ሰው ከሚወስድበት ጊዜ እጥፍ ሳያልፍ ማከናወን ሲችል ብቻ ነው። አንዴ 50 ሜትር ሄዶ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሰው ያን ያህል መሄድ ችሏል አይባልም። ጠዋት ጣቶቹ ደርቀው የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣ ከሰዓት ቢፍታቱለትም፣ ቀኑ ይቆጠርለታል፤ የላይኛው ትሪቡናል (የድጎማ ይግባኞችን የሚያይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት) እ.ኤ.አ. በ2015 እንደወሰነው ችግሩ ከቀኑ ኢምንት ያልሆነውን ክፍል መያዙ በቂ ነው። በ2017 ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ትልቅ ትርጉም ያለው ውሳኔ መጣ። ሕመሙ በወር አንዴ ብቻ የሚጥል ቢሆንም፣ መቼ እንደሚጥል ካልታወቀና ምድጃ ፊት ወይም ገንዳ ውስጥ ቢጥል ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ፣ ያልጣለባቸው ቀናትም በደህንነት የተከናወኑ አይባሉም። የመጣሉ ዕድልና የጉዳቱ ክብደት አብረው ይመዘናሉ።

ይህን ሁሉ የሚያስረዳው መዝገብ ነው። የሐኪም ደብዳቤ በሽታውን ይናገራል፤ ቀን አይቆጥርም። ረጅም ማስታወሻም ሕመም ሲጠና ይቋረጣል። በቀን አንድ መስመር ይበቃል፦ «ማክሰኞ፦ መታጠብ በእህቴ እርዳታ፤ እስከ ደጅ ብቻ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት መተኛት፤ ምሳ ሌላ ሰው ሠራ»። «በጣም አሞኝ ነበር» ብሎ መጻፍ ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም፤ የትኛው ተግባር፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ደቂቃ፣ ማን እንደረዳ ነው የሚፈለገው። ደህናውን ቀንም መጻፍ ግድ ነው፤ መጥፎ ቀን ብቻ ያለበት መዝገብ አይታመንም፤ ከግማሽ በላይ መሆኑንም አያሳይም። ያልተቋረጠ የሁለትና የሦስት ወር መዝገብ ከተቆራረጠ የዓመት መዝገብ ይሻላል።

ማሳወቂያው ብዙውን ጊዜ ወደ ፒአይፒ ቢሮ በስልክ ይደረጋል። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የደወሉበት ቀን ከክፍያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገረዎትን ሰው ስም ይመዝግቡ። ሕመም ሲብስ ከፍ ያለው ክፍያ የሚጀምረው ፍላጎቱ ለ3 ወር ከቆየ በኋላ ነው። ለውጡን በአንድ ወር ውስጥ ያላሳወቀ ሰው ክፍያው ካሳወቀበት ቀን ብቻ ሊጀምርለት ይችላል፤ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ካለው ጊዜው እስከ 13 ወር ይራዘማል። ከስልኩ በኋላ ፎርም ይላካል። የመመለሻው ቀን ያለ በቂ ምክንያት ካለፈ ክፍያው ሊቆም ስለሚችል፣ በሕመም ምክንያት መሙላት ያልቻለ ሰው ቀኑ ሳያልፍ ደውሎ ማስረዘም ይኖርበታል።

ከመደወል በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ አንዱ ተግባር ብሷል ብሎ ማሳወቅ ውሳኔውን በሙሉ ይከፍተዋል። ክፍያው ሊጨምር፣ ባለበት ሊቆይ፣ ሊቀንስ ወይም ሊቆም ይችላል። ይህ ከማሳወቅ ግዴታ ነጻ አያወጣም፤ ያለፈውን ውሳኔ ነጥብ በነጥብ አይቶ፣ በ12ቱም ተግባራት ላይ ማስረጃ ይዞ መቅረብን ግን ያስገድዳል። የቀድሞው ውሳኔ ግልባጭ ከሌለ ቢሮው እንዲልክ ይጠየቃል። የዜጎች ምክር ማእከላት ፎርሙን በነጻ አብረው ይሞላሉ።

በግምገማው ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በጨዋነቱ ነው። ለሰላምታ የተሰጠ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ሪፖርት ላይ ሊሰፍር ይችላል። «አንዳንዴ ያቅተኛል» ማለትም ከግማሽ በታች ተደርጎ ይወሰዳል። «ከሰባት ቀን አምስቱን ያለ እርዳታ መልበስ አልችልም፤ በቀሩት ሁለት ቀናት እጥፍ ጊዜ ይወስድብኛል» ሲባል ግን ገምጋሚው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ግምገማው በደህና ቀን ከዋለ ይህንኑ መጀመሪያ ላይ መናገር ይገባል።

መሻሻልን አለማሳወቅ ትርፍ ክፍያ ያስከትላል። በፒአይፒ ትርፉ እንዲመለስ የሚጠየቀው ሰውየው እውነታውን ሳያሳውቅ ሲቀር ወይም ሲያሳስት ነው፤ በዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ ድጎማ) ግን ስህተቱ የቢሮው ቢሆን እንኳ ይጠየቃል። ወንጀል ለመሆን ለውጡ ክፍያውን እንደሚነካ እያወቁ ሳያሳውቁ መቅረት ያስፈልጋል። እየተሻለው መሆኑ በቅጡ ያልገባው፣ ሕመሙ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰው በዚህ አይከሰስም፤ ቀን የተጻፈበት መዝገቡም ይከላከልለታል።

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ካልተለወጠ በአንድ ወር ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚው ትሪቡናል ይሄዳል። ትሪቡናሉ የሚያየው ውሳኔው በተሰጠበት ቀን የነበረውን ሁኔታ ነው። ከዚያ ወዲህ የባሰው ነገር በይግባኙ አይካተትም፤ ለብቻው ለቢሮው መቅረብ አለበት። ይህን ባለማወቅ ብዙ ወራት የሚባክንባቸው አሉ።

ሆስፒታል መግባትም ለየት ያለ ለውጥ ነው። ከ28 ቀን በኋላ ክፍያው ይቆማል፤ በመካከላቸው ከ28 ቀን ያልበለጠ ልዩነት ያላቸው ቆይታዎችም ይደመራሉ። በሲክል ሴል ሕመም የሚመላለስ ሰው የገባበትንና የወጣበትን ቀን በየጊዜው ማሳወቅ ያለበት ለዚህ ነው። የተንከባካቢ አበል የሚቀበል ቤተሰብ ካለ፣ የዕለት ተዕለት ኑሮ ክፍያው ሲቆም የእሱም ስለሚቆም ለብቻው ያሳውቃል።

በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ፒአይፒን የተካው የአዋቂዎች የአካል ጉዳት ክፍያ ነው። የግማሽ ቀናት ሕጉ እዚያም አለ፤ ውሳኔን እንደገና ለማስታየት ግን 42 ቀን ይሰጣል፤ ክፍያው ከተቀነሰ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ድጋፍም አለ። በሰሜን አየርላንድ ማሳወቂያው ለማኅበረሰቦች መሥሪያ ቤት ይቀርባል።

የጡረታ ዕድሜ ካለፈ በኋላ የባሰ ሕመም የመንቀሳቀስ ክፍያን ከመደበኛ ወደ ከፍተኛ አያሳድግም፤ የዕለት ተዕለት ኑሮ ክፍያን ግን ሊያሳድግ ይችላል። ተሽሎት ክፍያው የቆመበት የሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ያው ሕመም ቢመለስበት እንደገና ያመለክታል፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት መጠበቅም አይኖርበትም።