የክረምት ጉም፣ የበጋ ውርጭ፦ ቁጥብ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ቁጥብ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ፣ ባለካሜራዎች «ሚኒማሊስት» የሚሉት፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ወይም ሁለት ነገር አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ ከፍሬም ውጭ የሚያደርግ አነሳስ ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ የድርቆሽ ክምር፣ ጉም ውስጥ የቆመ ፈረስ ይበቃዋል። በቀዝቃዛ አገሮች ይህን ሥራ የሚያቀልለው በረዶ ነው፤ መንገዱን፣ ድንጋዩንና ሣሩን ሸፍኖ ሜዳውን እንደ ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 እንግሊዝ የተወለደው ማይክል ኬና፣ በጃፓኗ ሆካይዶ ደሴት በረዶ ላይ ብቻቸውን የቆሙ ዛፎችንና አጥሮችን በጥቁርና ነጭ እያነሳ በዚህ ታውቋል። አዲስ አበባ ዙሪያ እንዲህ ያለ በረዶ አይጥልም፤ ከዶፍ ጋር ወርዶ ለጥቂት ደቂቃ መሬቱን የሚያነጣው ጠጠሩ በረዶ ብቻ ነው ያለን። የእኛን ሜዳ የሚሸፍኑት ጉምና ውርጭ ናቸው፤ በእኔ ዓይን ከበረዶ አያንሱም።

የውጭ መማሪያ የሚከተል ሰውን መጀመሪያ የሚያደናግረው የወቅቱ ስም ነው። መዝገበ ቃላቱ «ክረምት» ብሎ የሚፈታው የአውሮፓ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የበረዶ ጊዜ ነው። የእኛ ክረምት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቅ የዝናብ ወቅት ነው። እነሱ በረዶ ሲወርድባቸው እኛ በጋ ላይ ነን፤ ቀኑ ብራ፣ ሌሊቱ ቁር። ስለዚህ እዚህ ሥራው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ አንዴ በክረምቱ ጉም፣ ሌላ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ።

የጉሙ አገር እንጦጦ ነው። መሀል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ሰንሰለት 3,000 ሜትርን ያልፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከታች ሆነን ደመና የምንለው፣ እዚያ ሲወጡ ጉም ሆኖ ይቀበላል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ግንዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉም ውስጥ በብዕር የተሰመረ ይመስላል። ችግሩ ብዛቱ ነው። ጫካው መሀል ገብቶ የሚያነሳ ሰው መቶ ግንድ ይዞ ይመለሳል። ጉሙ ሲወፍር ከሃያ እርምጃ ወዲያ ያለው ይጠፋና ሦስት አራት ግንድ ብቻ ይቀራል፤ ሲሳሳ የኋላው ረድፍ ተመልሶ ይመጣል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለዋወጥ፣ ቦታ መርጦ መጠበቅ ከመንከራተት ይሻላል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ መድረሱ ቀልሏል፤ እኔ ግን አሁንም የምመርጠው የጫካውን ዳር፣ ግጦሹ የሚጀምርበትን ነው።

ውርጭ የሚፈለገው ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው። ሰማዩ ብራ በሆነበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ከዙሪያው ኮረብታ እየተንሸራተተ ሜዳው ላይ ይተኛል። ዳገቱ ላይ ምንም ሳይኖር ግርጌው ነጭ ሆኖ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ስለሆነ 12 ሰዓት ላይ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ውርጩ ብዙ አይጠብቅም። አንድ ታኅሣሥ ማለዳ አንድ የድርቆሽ ክምር ፊት ቆሜ ነበር። ፀሐይ የነካው ሣር ሁሉ ወዲያው ረጥቦ ቡናማ ሆነ፤ ነጭ ሆኖ የቀረው የክምሩ ጥላ ያረፈበት ብቻ ነው። ቀረብ ብዬ ሳየው እያንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ጠርዙን ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ጥላው በጠበበ ቁጥር ነጩም እየጠበበ ሄደ። ፎቶው ያ ነው፤ ቡናማ ሜዳ፣ አንድ ክምር፣ አንድ የነጭ ምላስ።

ገፈርሳና ለገዳዲ የውሃ ዳር ጭጋግ አላቸው፤ ከተማዋን የሚያጠጡ ግድቦች ስለሆኑ ግን ጥበቃ አለ፣ ቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል። የረርና ዝቋላ በማለዳ ጭጋግ እንደ ሁለት ስስ ጥላ ሲታዩ ያምራሉ። መናገሻ ሱባ ያለው ጥንታዊ የጥድ ደን እጅግ ውብ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ፎቶ ግን ይጨናነቃል።

አብዛኛው ፎቶ የሚበላሸው በብርሃን ልኬት ነው። የካሜራው መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ጉም ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፣ ጉሙም አመድ ይሆናል። የመጀመሪያ ክረምቴ ፎቶዎች በሙሉ አመድ ናቸው። መድኃኒቱ የኤክስፖዠር ማካካሻውን፣ ማለትም ፎቶውን የሚያደምቀውን ወይም የሚያጨልመውን ማስተካከያ፣ ከ+0.7 እስከ +1.3 ድረስ ከፍ አድርጎ ሂስቶግራሙን፣ ጨለማው በግራ ብርሃኑ በቀኝ የሚታይበትን ግራፍ፣ ማየት ነው፤ ጉብታው ወደ ቀኝ ይጠጋ እንጂ ጠርዙን አይምታ። በስልክ ለሚያነሳም ያው ነው፤ ስክሪኑን ነክቶ የብርሃን ምልክቷን ወደ ላይ መሳብ። አውቶፎከስ ጉም ላይ የሚይዘው ስለሚያጣ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል፤ የግንዱ ጠርዝ ላይ ማነጣጠር ይረዳዋል። ሰፊ ሌንስ ብዙ ነገር ያስገባል፣ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው አቅራቢ ሌንስ ግን እንድንመርጥ ያስገድደናል።

ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ ሁላችንም የሚቀድመን ፍላጎት ኮንትራስት መጨመር ነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ «ዲሄዝ» የሚባል ጭጋግ የሚገፍ መሣሪያ አለ። እሱን ጉም ላይ መጨመር፣ ሌሊት ተነስተን የሄድንለትን ነገር ማጥፋት ነው፤ እኔ ጥቂት ወደ ኔጌቲቭ እመልሰዋለሁ። ነጩን ከ0 እስከ 255 ባለው ልኬት ከ240 ከፍ አድርጎ 255 ሳይደርስ መተው ይበጃል፤ 255 የደረሰው ቦታ ሲታተም ቀለም ስለማያርፍበት የፎቶው ዳር ከወረቀቱ ጋር ይቀላቀላል። ባዶው ቦታ ሴንሰሩ፣ ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ላይ ያለውን ብናኝ ሁሉ ያጋልጣል፤ 100 ፐርሰንት አጉልቶ አንድ በአንድ ማጽዳት ግድ ነው። ተጨምቆ በሚቀመጠው ጄፔግ ላይ ደጋግሞ መሥራት ለስላሳውን ሰማይ እርከን እርከን ያደርገዋልና በሮው፣ ካሜራው ሳያዘጋጀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ አንስቶ እስከ መጨረሻው የቀለም እርከኑ በሚበዛበት 16 ቢት መቆየት ይሻላል። ሻርፕ የሚደረገው ዛፉ ወይም ክምሩ ብቻ ነው፣ ጉሙ አይነካም። ውርጭ ጥላ ውስጥ ሰማያዊ የሚመስለው ከሰማዩ በሚመጣ ብርሃን ብቻ ስለሚታይ ነው፤ አውቶ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ቀለሙን በራሱ የሚያመጣጥነው የካሜራው ሥርዓት፣ ያንን ቅዝቃዜ ሊያጥበው ስለሚችል ጥቂት ሰማያዊ አስቀራለሁ። ሣሩ ላይ የወደቀ የሃይላንድ ፕላስቲክ በእጅ ይነሳል። የመብራት ምሰሶ ግን በኮምፒውተር አላጠፋም፤ ምሰሶው የቦታው ነው፣ ካልፈለግሁት ሁለት እርምጃ ፈቀቅ እላለሁ። ያለቀ ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ ፋይል ተደርጎ ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ለስላሳው ጉም ይቆራረጣል።

ሜዳው የሰው ነው። ያልታጨደ ሣር መርገጥ የገበሬውን ድርቆሽ ማበላሸት ነው፤ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አስፈቅዶ መግባት ወጉ ነው። እንጦጦ ላይ ከባድ እንጨት ተሸክመው ከጉም የሚወጡ እናቶች ለፎቶ የሚያጓጉ ቢሆኑም ሳይጠይቁ ማንሳት ነውር ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም። የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቃት ቤት ውስጥ ድንገት ከተከፈተ ውሃ ያዝላል፤ ገና ሜዳው ላይ እያለን ፌስታል ውስጥ አስረን ቤት ገብቶ እስኪሞቅ መተው ነው።

ሱሉልታ አሁን ከሸገር ከተማ ክፍሎች አንዱ ነው፣ ሜዳውም በፍጥነት እየታጠረ ነው። ያ የጥላው ነጭ ያየሁበት ክምር የነበረበት ቦታ በዓመቱ ስመለስ የብሎኬት አጥር ዙሮበት፣ በሩ ላይ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆምኩበትን ቦታ እጽፋለሁ።